የኦቦ ጀቤሳ ምርቃት

ይሄ ታሪክ በእውነት የሆነ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ፤ እኔ ሰው ለማሳመን የምሟገትበት ዕድሜ ላይ አይደለሁም።

ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ዓመቱ 2005፣ ከተማው አምቦ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ጨለማ የለበትም፣ ጅብም አይጮህበትም። በጠራራ ፀሐይ ምን ያስፈራል የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሱኝ...

የሰዎቹን ስም ቀይሬዋለሁ። በተለይ የባልየውን። ድንገት ይሄን ጽሑፍ ቢያገኘው ራሱን እንዲያውቅበት አልፈልግም። ለምን እንደሆነ ስትደርሱበት ይገባችኋል።

የምነግራችሁ ስለ ድንቅቱ ነው።

ድንቅቱ ከእኔ ከሸዋገነት ጋር በአንድ ቢሮ፣ ፊት ለፊት ተቀምጣ፣ ስድስት ዓመት ደብዳቤ ስትጽፍ የኖረች ጸሐፊ ናት። ውሸት አይሆንላትም። አርፍዳ ስትመጣ እንኳን እንደ እኛ "መኪና አጥቼ" አትልም፤ "እንቅልፍ ጥሎኝ ነው" ብላ ቁጭ ትላለች። ስለዚህ የነገረችኝን አምኛለሁ። መጨረሻውን ደግሞ እኔው በዓይኔ አይቼዋለሁ።

አባቷ ኦቦ ጀቤሳ የካቺሲ ገበሬ ነበሩ። ሰባት ልጆች ወልደዋል። ድንቅቱ የመጨረሻዋ ናት፣ እሳቸውም ከሁሉ አብልጠው የሚወዷት እሷን ነበር።

ሊሞቱ ሲሉ ልጆቻቸውን አስጠሩ። ሊመርቋቸው። አባት ልጆቹን ሳይመርቅ ከሄደ ለቀሪው ዕዳ ነው ይባላል በዚያ አገር። ስድስቱ ተሰበሰቡ። ቶሌራ የሚባለው ወንድሟ ያኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርና ላፕቶፑን አልጋው አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀምጦ ድምፃቸውን ቀረጸ።

ድንቅቱ ግን አልደረሰችም።

ከአምቦ የተሳፈረችበት መኪና መንገድ ላይ ጭቃ ያዘው። ሰው ወርዶ ገፋ፣ ድንጋይ ተነጠፈ፣ አልሆነም። ኦቦ ጀቤሳ ዓይናቸውን በር ላይ ተክለው እስከ እኩለ ቀን ጠበቋት። በመጨረሻ ስድስቱን መረቁና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እሷ ስትደርስ ድንኳኑ ተተክሏል።

አዳዳ አስካለች፣ የአባቷ እህት ናቸው፣ ለቅሶው መሐል አፋቸውን ወደ ጆሮዋ አስጠጉና "አባትሽ ያንቺን ምርቃት ይዞት ሄደ" አሏት።

ለሐዘንተኛ እንዲህ ይባላል? አሉ እንግዲህ።

ከዚያ ወዲህ ድንቅቱ ሁለት ጊዜ አረገዘች። ሁለቱም ሳይቆይ ወረደባት። ቸርች ሄዳ ተጸልዮላታል፣ አዲስ አበባ ድረስ ሄዳም ተመርምራለች። ሐኪሞቹ ምንም የለብሽም አሏት። "ምንም የለብሽም" የሚለው ነው የገደለኝ ትለኝ ነበር። የአዳዳ አስካለች ቃል ደግሞ በውስጧ ተቀምጦ ቀረ።

ባሏን በድሉን ላስተዋውቃችሁ። የፊዚክስ መምህር ነው፣ የደብረ ማርቆስ ልጅ። አምቦ ከመጣ አምስት ዓመት ቢሆነውም ኦሮምኛው ከገበያ አላለፈም፤ ለሰላምታ "አካም ጅርታ"፣ ለምስጋና "ገለቶማ"፣ ዋጋ ሲጠይቅ "መቃ?" ይልና በቃ። መጀመሪያ ለሽምግልና ካቺሲ የሄደ ዕለት ኦቦ ጀቤሳ ሲመርቁ አፉን ከፍቶ ነው ያያቸው። ድንቅቱ በክርኗ ጎሰም አደረገችው።

"ምን እያሉ ነው?" አላት በሹክሹክታ።

"ትርጉሙን አትጠይቅ። አባቴ ትንፋሽ ሲወስድ አሜን በል። ዝም ማለት ነውር ነው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየለቅሶው፣ በየሠርጉ፣ አንድ ሽማግሌ ኦሮምኛ ሲመርቅ ከሁሉ ቀድሞ አሜን የሚለው በድሉ ሆነ። ቤተ ዘመዱ በዚህ ይወደዋል። እየሳቁ "አማቻችን አሜን ላይ አንደኛ ነው" ይሉታል።

ይቺን ነገር ያዙልኝ።

በ2005 ድንቅቱ ለሦስተኛ ጊዜ አረገዘች። ይሄኛው ቆየ። አራት ወር... አምስት... ሰባት። ደረጃ መውጣት ፈራች፣ ባጃጅ መሳፈር ፈራች፣ ማስነጠስ እንኳን ፈራች። ቢሮ ውስጥ ወረቀት ወድቆባት ጎንበስ ስትል አይቼ "ተይው" ብዬ ጮኬባታለሁ።

በዚያው ሰሞን ቶሌራ ደወለላት። ሸነን ላይ መምህር ሆኗል።

"ላፕቶፔ ሊሞት ነው። የአባ ድምፅ ያለው እሱ ላይ ብቻ ነው። በሚኒባስ ሹፌር ልኬልሻለሁ፣ በድሉ ወደ አዲሱ ይገልብጠው።"

"ሙሉውን ሰምተኸዋል?"

"ብዙ ጊዜ። እናታችን ፊት መክፈት ስለማይቻል ብቻዬን ነው የምሰማው።"

"ስሜ... የለበትም?"

"ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው" አለ።

"ቶሌራ።"

"የለበትም ድንቅቱ። ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ነው። ስድስታችንን መርቆ ያበቃል።"

እሷ ግን ምን ብላ አሰበች መሰላችሁ? ምናልባት ልጁ በደንብ አልሰማውም ይሆናል። ምናልባት መጨረሻው ላይ፣ በዝግታ፣ በትንፋሽ፣ ስሜን ጠርቶት ይሆናል። አንዲት "ሆሪ ቡሊ"፣ ርቢ ኑሪ የምትል፣ ብትኖር ይበቃኛል... ልጄ ይቆይልኛል። የጨነቀው ሰው ሐሳብ እንዲህ ነው።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ በድሉ ሁለቱን ላፕቶፖች ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቸው። የአሮጌው ባትሪ ስለሞተ ከሶኬት ሲነቀል ድርግም ይላል። ግማሹ ስክሪን ጠቁሯል። አዲሱ ላስቲኩ እንኳን ገና አልተላጠም።

"ፎቶዎቹ ይቆዩ። መጀመሪያ የአባቴን" አለች።

"እሺ።"

"ኮፒ ነው አይደል? ከት እንዳታደርገው።"

"ኮፒ ነው ድንቄ። ቁጭ በይ።"

ፋይሉ ላይ "አባ" ተብሎ ተጽፏል። ሠላሳ ስምንት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ። በድሉ ፍላሽ ሰካ። አረንጓዴው መስመር ቀስ እያለ መሙላት ጀመረ...

ዘጠና ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ቆመ።

"ምነው ቆመ?"

"ይጨርሳል።"

አልጨረሰም። ድንቅቱ ሆዷን ይዛ ቆማ ታያለች። ከበረንዳው ቧንቧ ሥር ጠዋት ያስቀመጠችው ሳፋ ውስጥ ውሃ ጠብ... ጠብ... ይላል። ከዚያ በቀር ድምፅ የለም። ስትነግረኝ "ልጁም ያን ጊዜ መራገጡን አቆመ" አለችኝ።

ከዚያ ድንገት ሞላ። በድሉ ፍላሹን ነቅሎ አዲሱ ላይ ሰካው፣ ገለበጠው።

"በድሉ... ይሄ ስንት ይላል?"

ጎንበስ ብሎ አየ። "አርባ አንድ ደቂቃ ከአምስት።"

"ያኛው ሠላሳ ስምንት አልነበር?"

"የፕሮግራም ልዩነት ይሆናል። ቆይ ልየው..." ብሎ ወደ አሮጌው ሲዞር መብራት ጠፋ።

አሮጌው ላፕቶፕ ድርግም አለ። ማታ መብራት ሲመጣ ቢሞክሩት፣ ሰኞ ለጠጋኝ ቢሰጡት፣ ዳግመኛ አልተነሳም።

አዲሱ ግን በባትሪው በርቷል። "ክፈተው" አለችው።

ኦቦ ጀቤሳ መናገር ጀመሩ። የካቺሲ ዝናብ ጣራው ላይ ይሰማል። የእናቷ ሳል ይሰማል። አባቷ የበኩር ልጃቸውን ስም ጠርተው መረቁ፣ ስድስቱም አሜን አሉ። በድሉም ጋቢውን አስተካክሎ እንደሚቀመጥ ሽማግሌ እጆቹን ዘርግቶ፣ ራሱን ደፍቶ አሜን አለ። ድንቅቱ ልቧ ተነካ። ለላፕቶፕ አሜን የሚል ባል ከየት ይገኛል?

ሁለተኛው። ሦስተኛው። በየመሐሉ አሜን... አሜን...

በድሉ ቀና አለ። "አንቺም ነበርሽ እንዴ?"

"የት?"

"እዚያ። ይሄ ያንቺ ድምፅ አይደል? መጨረሻውን የምትጎትቺው ነገር።"

አዳመጠች። ድንቅቱ የኳየር ልጅ ናት፣ አሜን ስትል ጫፉን ሳብ ታደርገዋለች። ከስድስቱ ድምፅ በኋላ አንድ ድምፅ ብቻውን ሳብ ብሎ ይቀራል።

ሰባት ነበሩ።

"ታላቄ ትሆናለች" አለች። እንዳልሆነች ግን ታውቃለች። ማቆም ነበረባት። ስድስት ወር ሙሉ "ለምን አላቆምኩትም?" ስትለኝ ከርማለች። ስሟን መስማት ፈልጋ ነዋ!

ሠላሳ ስምንት ደቂቃው ሞላ። ቶሌራ ሲያስል፣ በርጩማው ሲንቀሳቀስ ይሰማል። ማለቂያው ያ ነበር።

አላለቀም።

የካቺሲው ዝናብ ቀስ በቀስ ጠፋ። የእናቷም ሳል ጠፋ። ዝም ባለው መሐል አንድ ነገር ብቻ መሰማት ጀመረ...

ጠብ... ጠብ...

ካቺሲ ባለው የአባቷ ቤት ቧንቧ የሚባል ነገር የለም። ድንቅቱ በበሩ በኩል ወደ በረንዳው አየች። ሳፋው ውስጥ ጠብ ሲል፣ ላፕቶፑ ውስጥም ጠብ ይላል። እኩል።

ከዚያ ድምፁ መጣ። በጣም ቀረበ። ከተኛበት ተነስቶ የሚያወራ ሰው ይመስላል።

"ኢንተላ ኮ... መጣሽ?"

ኢንተላ ኮ ልጄ ማለት ነው። ይቺን በድሉም ያውቃታል፣ ፈገግ ብሎ አያት። የሷ እንባ ግን ዱብ ዱብ ማለት ጀምሯል። ፍርሃቷን ረሳችው።

"መጥቻለሁ አባ" አለች በኦሮምኛ።

"እግርሽን እሾህ አይንካው።"

"አሜን" አሉ ሁለቱም።

"እጅሽ የያዘው ይባረክ።"

"አሜን።"

"ደጅሽ ሰው አይጣ።"

"አሜን።"

"ማህፀንሽ ይፈታ።"

"አሜን... አሜን... አሜን አባ።" እያለቀሰች ሆዷን አቀፈች። አራት ዓመት የጠበቀችው ቃል ነው። በድሉ ምን እንደተባለ ባይገባውም ደስታዋን አይቶ እሱም ዓይኑ እንባ ሞላ።

ኦቦ ጀቤሳ ትንፋሽ ወሰዱ። ቀጥሎ የመጣው ድምፅ ዝቅ ያለ ነው፣ የደከመው። እኔ በአማርኛ እነግራችኋለሁ፣ እሳቸው ያሉት ግን በኦሮምኛ ነው።

"ሰባት ወለድኩ። ስድስቱ ሸኙኝ። አንቺን ስጠብቅ መሸብኝ ልጄ። እዚህ ሰው የለም... ይበርዳል።"

የድንቅቱ እጅ ሆዷ ላይ ደረቀ።

"የያዝሽውን ስጪኝ። ከጎኔ ይደር።"

ከዚያ ዝም አሉ። አሜን እስኪባል መራቂ ዝም እንደሚለው።

ላፕቶፑ ውስጥ ያሉት ስድስቱ አሜን አላሉም። ሰባተኛዋም አላለችም። ጠብ... ጠብ... ብቻ። ድንቅቱ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ጨመቀች። ካልተባለ አይሆንም፣ አሜን ያልተባለበት ቃል መሬት ይወድቃል፣ ይሄን ከልጅነቷ ታውቃለች። አልልም፣ አልልም፣ አልልም...

አጠገቧ በድሉ እጆቹን እንደዘረጋ፣ ራሱን እንደደፋ፣ ከልቡ "አሜን" አለ።

ላፕቶፑ ውስጥ አንድ ሰው በረጅሙ ተነፈሰ። አለቀ። አርባ አንድ ደቂቃ ከአምስት ሰከንድ።

"ምነው?" አላት በድሉ። "ቀደምኩ እንዴ?"

ድንቅቱ ላፕቶፑን ዘጋችው።

"ድንቄ ምን አሉ? ጥሩ ነገር አይደለም?"

"...ጥሩ ነገር ነው" አለች። በሕይወቷ የዋሸችው ያን ቀን ብቻ ነው።

እሱ ውሃ ሊያመጣላት ሲወጣ ፋይሉን መልሳ ከፈተችው። ያቺን ዝምታ ልታገኛት፣ እዚያ ላይ "አይሁን" ልትል። ዝምታዋ ግን የለችም። "ከጎኔ ይደር" ሲሉ ወዲያው ተከትሎ የባሏ ድምፅ አሜን ይላል። ፋይሉ ውስጥ ገብቷል። ሰባት ጊዜ ከፈተችው፣ ሰባቱንም ጊዜ አይሁን አለች፣ ሰባቱንም ጊዜ እሱ ቀደማት።

ላጥፋው ብላ ጣቷን ቁልፉ ላይ አሳረፈች። ግን "ማህፀንሽ ይፈታ" የሚለውም እዚያው ውስጥ ነው። እሱንስ እንዴት ታጥፋው?

ማታ ለአዳዳ አስካለች ደወለች። ሁሉንም ነገረቻቸው።

"ማን ነው አሜን ያለው?"

"ባሌ።"

"የልጁ አባት?"

"አዎ።"

"ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ልጄ" አሉና ስልኩን ዘጉት።

ምጥ የመጣው በስምንተኛው ወር፣ ረቡዕ ረፋድ ላይ ነው። ማህፀኗ ተፈታ። ምርቃቱ ያዘ። ሐኪሟ እንዲህ ያለ ቀላል ምጥ አይቼ አላውቅም አለች።

ወንድ ልጅ ነበር። ጣቶቹ ሁሉ ሙሉ። ፀጉሩ ጥቁር፣ አፍንጫው የኦቦ ጀቤሳ።

አላለቀሰም።

በድሉ ኮሪደር ላይ ቆሞ የልጁን ለቅሶ ሲጠብቅ አይቼዋለሁ። እስከ ዛሬ ምን እንዳለ አያውቅም። አልነገረችውም። "ያስተማርኩት እኔ ነኝ ሸዋገነት፣ ትርጉሙን አትጠይቅ ያልኩት እኔ ነኝ" ትለኛለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ብዬ በሆዴ አስቤያለሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ከሁለት ወር በኋላ ሥራ ተመለሰች። ዝም ያለች ሴት ሆናለች። ያን ፋይል በፍላሽ ይዛ መጥታ የቢሮው ኮምፒውተር ላይ ገለበጠችው። "ለምን ታመጪዋለሽ?" አልኳት። "እቤት ባትሪው ቢያልቅስ" አለች። አልገፋሁባትም።

አርባ አንድ ደቂቃ ከአምስት የነበረው አርባ አንድ ከዘጠኝ ሆነ።

በአራቱ ሰከንድ ውስጥ የሕፃን ትንፋሽ ነበር። እንደገና ገለበጠችው። አርባ አንድ ከሃያ። እዚያ ውስጥ ደግሞ...

እኔ አልሰማሁም። እሷ ናት የነገረችኝ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ፣ ሰው ለምሳ ሲወጣ፣ ከኮምፒውተር ወደ ፍላሽ፣ ከፍላሽ ወደ ኮምፒውተር ትገለብጣለች። ሰው እንደ እብድ አያት። አለቃችን ሁለት ጊዜ ገሠጻት። እኔ ቀርባ እንድታወራኝ ብለምናትም አታወራኝም፤ "አሁን አይደለም፣ ሊነቃ ነው" ትለኛለች።

መጀመሪያ ላይ ያልኳችሁ፣ በዓይኔ ያየሁት ይሄ ነው።

2006፣ ግንቦት ላይ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል። ልጁ ከተቀበረ ዓመት አልፎታል። ጃንጥላዬን ረስቼ ከመንገድ ተመለስኩ። የቢሮው በር ገርበብ ብሏል። ድንቅቱ ጀርባዋን ለእኔ ሰጥታ ስክሪኑ ፊት ተቀምጣለች። አረንጓዴው መስመር ሞልቶ አለቀ። ከሥሩ ሃምሳ ሦስት ደቂቃ ይላል።

ከፈተችው። መጨረሻው ላይ ወሰደችው።

መጀመሪያ ጠብ... ጠብ... አለ። ቀጥሎ የሽማግሌ ድምፅ፣ "እሹሩሩ... እሹሩሩ..." ይላል። ከዚያ ልጅ አለቀሰ። የራበው ልጅ ለቅሶ ነው፣ እኔ አራት ወልጃለሁ፣ አይጠፋኝም።

"ድንቅቱ" አልኩ።

ዞር አለች። ፊቷ ላይ ፍርሃት የለም። ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ዝም በይ አለችኝ። ሸሚዟ ደረቷ ላይ በሁለት በኩል ርሶ ወተት ያንጠባጥባል።